የሚወላውል ካሜራ በጣና ላይ

ጀልባዋ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት አቅንታለች። ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም፤ ነፋስም የለም። የሞተሩ ንዝረትና የሐይቁ ቀላል ውዝዋዜ ግን ካሜራ የተሸከመውን ወጣት አላስቆም ብሎታል። ከፊታችን አንድ ዓሣ አስጋሪ ደንገል ታንኳው ላይ ተቀምጦ መረቡን ይሰበስባል። ቀራጩ ያን ሰው፣ መረቡን ሰብስቦ እስኪጨርስ ድረስ፣ ሳይቆርጥ መቅረጽ ፈልጓል። የጀልባዋ አፍንጫ ቀና ባለ ቁጥር ግን ምስሉ ውስጥ የሰማዩ ድርሻ ይበዛና ሰውየው ይጠቁራል። አፍንጫዋ ዝቅ ሲል ውኃው ይበዛል፤ ሰውየው እንደገና ይፈካል፣ ከኋላው ያለው ሰማይ ደግሞ ባዶ ነጭ ይሆናል።

«ፀሐይዋ ያለችበት ናት፤ እሱም ካለበት አልተነቃነቀም» አለኝ ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ። «የሚወላውለው ይሄ ነው።»

ካሜራው ብርሃኑን ራሱ የሚያስተካክልበትን፣ አውቶ የሚለውን አጠፋ። አይሪሱን በእጁ አዞረ፤ የዓሣ አስጋሪው ጉንጭና ትከሻ ላይ ያረፈውን ብርሃን ትክ ብሎ አይቶ አንድ ቦታ ላይ ተወው። ጀልባዋ መወዛወዟን ቀጠለች፤ ብርሃኑ ግን ረጋ።

በሙያው ሰፈር ስለ አውቶና በእጅ ስለሚሠራው ማኑዋል የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ የጉራ ክርክር ነው። አውቶ የሚጠቀም ጀማሪ፣ ማኑዋል የሚጠቀም ባለሙያ ይባላል። አውቶ እየተጠቀሙ ግሩም ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ማኑዋል ላይ አድርገው አንድ ሙሉ ሰርግ ያጠቆሩም አሉ። ስለዚህ ክርክሩን ከጉራው እናውጣውና ብርሃኑን ራሱን እንየው።

የምስሉን ብሩህነት የሚወስኑት ነገሮች ጥቂት ናቸው። አይሪስ የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ኤፍ 4፣ ኤፍ 5.6፣ ኤፍ 8፣ ኤፍ 11 እየተባለ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል፣ በየደረጃውም የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ይህችን የግማሽና የእጥፍ ደረጃ ባለሙያዎቹ ስቶፕ ይሏታል። ሻተር እያንዳንዱ ፍሬም ለምን ያህል ጊዜ ብርሃን እንደሚያገኝ ይወስናል። አይኤስኦ፣ ወይም በቆዩት የቴሌቪዥን ካሜራዎች ጌይን የሚባለው፣ ሴንሰሩ የሰበሰበውን ምልክት ያጎላል፤ ሲበዛ ግን በምስሉ ላይ ነጠብጣብ ያመጣል።

ፎቶ አንሺና ቪዲዮ ቀራጭ የሚለያዩት ሻተሩ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው ሻተሩን 1/1000 ሰከንድ ላይ ቢያደርሰው የሚከለክለው የለም። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀርጽ ሰው ግን ሻተሩን 1/50 ላይ ይተክለዋል፤ እንቅስቃሴ ለዓይን የሚለሰልሰው እዚያ አካባቢ ስለሆነ። ከዚያ በጣም ከፈጠነ የቀዛፊው ክንድና ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበው ውኃ እየተቆራረጠ ይታያል። ሌላም ምክንያት አለ። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንት አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በሰከንድ 30 ፍሬም፣ በ1/60 ሻተር እንዲሠራ የተተወ ካሜራ አዳራሽ ውስጥ ሲገባ፣ ጥላ መሰል መስመር ግድግዳውን እየቧጠጠ ከታች ወደ ላይ ይንከባለላል። የሰርግ ቪዲዮ አዘውትሮ ያየ ሰው ይህን መስመር ያውቀዋል፤ ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል እንጂ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሻተሩ ከተተከለ ጣና ላይ ችግር አለ፤ ብርሃኑ ይበዛል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ነው፤ በበጋ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ውኃውም የወረደበትን ብርሃን መልሶ ይረጫል። የድሮ ፎቶ አንሺዎች የጠራ ፀሐይ ሕግ ነበራቸው፦ አይሪስህን ኤፍ 16 ላይ አድርግ፣ የሻተርህ ቁጥር ከፊልምህ አይኤስኦ ጋር እኩል ይሁን። ዛሬ ቀለሙ በኋላ እንዲሠራ ታስቦ ሎግ በሚባለው አቀራረጽ ሲቀረጽ፣ በብዙ ካሜራዎች የመነሻው አይኤስኦ 800 አካባቢ ነው። በሕጉ መሠረት ኤፍ 16 ላይ 1/800 ይሆናል ማለት ነው። እኛ ግን 1/50 ላይ ነን፤ አራት ስቶፕ ብርሃን ተርፎናል፣ አይሪሱም ኤፍ 64 መድረስ ሊኖርበት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር የቪዲዮ ሌንሶች ላይ አይገኝም። ወደ ኤፍ 5.6 ለመመለስ ብርሃኑን 128 ጊዜ፣ ማለትም ሰባት ስቶፕ፣ የሚቀንስ ግራጫ መስታወት ሌንሱ ፊት መግባት አለበት። ኤንዲ ፊልተር የሚሉት ይህንን ነው። ኤንዲ ሳይዝ በፀሐይ የወጣ ቀራጭ አውቶን ይወቅሳል እንጂ ካሜራው ሌላ መሄጃ አልነበረውም፤ ወይ ሻተሩን ያፈጥናል፣ ወይ አይሪሱን ምስሉ እስኪደበዝዝ ያጠባል።

አውቶው ራሱ እንዴት ያስባል? በመሠረቱ በአንድ ግምት ላይ ቆሞ ነው። ምስሉ ውስጥ ያለው ብሩህና ጨለማ ሁሉ ቢደባለቅ፣ የወረደበትን ብርሃን 18 በመቶ ያህል የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ይወጣዋል ብሎ ያምናል። አማካዩ ከዚያ ከፍ ካለ ይዘጋል፤ ዝቅ ካለ ይከፍታል። ሣር፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ የአስፋልት መንገድና ሰው የተቀላቀለበት ምስል ላይ ግምቱ አያሳፍርም። አዳዲሶቹ ካሜራዎችማ ፊት ለይተው ያያሉ፣ ለፊቱም ቅድሚያ ይሰጣሉ። ፊቱ ዞር ሲል ወይም በነጠላ ሲሸፈን ግን ወደ ቀድሞው ግምታቸው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ምስሉ ከመሃሉ ዘሎ ይቀየራል።

ግምቱ በግልጽ የሚሸነፈው በጥምቀት ቀን ነው። ጥር 11 ባሕር ዳር ላይ ታቦታቱን የሚያጅበው ሕዝብ ነጠላና ጋቢ፣ ሐበሻ ቀሚስና ነጭ ሱሪ ለብሷል። አውቶው ይህን ሁሉ ነጭ ሲያይ «በዝቷል» ብሎ ይዘጋል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ ከነጠላው ውስጥ የሚወጣው ፊት ደግሞ ዓይንና አፉ እስኪጠፋ ይጠቁራል። አንድ ሰው ብቻውን በጨለማ በር ፊት ሲቆም ተቃራኒው ይመጣል፤ ካሜራው ይከፍታል፣ ነጠላው ይነዳል፣ የጥበቡ ጥለት ይጠፋል። ያው ሰው፣ ያው ነጠላ፣ ያው ፀሐይ ነው።

እዚህ ላይ ማኑዋሉም ነፃ አይደለም፤ በእጅ የሚያዞር ሰውም የሆነ ቁጥር ተምሮ ነው የሚያዞረው። ብዙ ካሜራ ላይ ዜብራ የሚባል ምልክት አለ፤ ከተወሰነ ብሩህነት ያለፈውን ቦታ በሰያፍ መስመር ያሳያል። የቆየው የቴሌቪዥን ልማድ ዜብራውን 70 በመቶ ላይ አስቀምጥና መስመሩ የፊቱ ብሩህ ክፍል ላይ ሲመጣ አቁም ይላል። ይህ 70 የተገኘው ከነጭ ሰው ፊት ነው። የጠይም ወይም የጥቁር ሰውን ፊት 70 ላይ ያወጣ ቀራጭ መልኩን ያገረጣዋል፤ ነጠላውንም ያቃጥላል። በእኔ ግምት የእኛ ሰው ፊት እንደ መልኩ ከ45 እስከ 60 ባለው ውስጥ ሲያርፍ ነው ቆዳው ቀለሙንም ወዙንም የሚይዘው። ነገሩ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ታሪክ አለው፤ ኮዳክ ለፊልም ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለረጅም ዘመን የነጭ ሴት ምስል ነበር፣ «ሸርሊ ካርድ» ተብሎም ቀርቷል። ጉግል ጥቁር ቆዳን በትክክል ለማሳየት ብሎ ሪል ቶን የተባለውን ሥራ በስልኩ ላይ ይዞ የመጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። አውቶ የሚባለው ነገር ውስጥ የሆነ ሰው ምርጫ ተቀምጧል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጣናን አላየም።

ጀልባችን የደረሰችባት ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት። በምዕራብ ዳርቻዋ ናርጋ ሥላሴ አለ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ክብ ቤተ ክርስቲያን። እንደ ጣና አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የዚህም ሀብቱ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ያለው ሥዕል ነው። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ እቴጌይቱ እግሯ ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል በብዙ መጻሕፍት ታትሟል። ያንን ሥዕል በቪዲዮ ማስቀረት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ውጭ፣ በቀትር ፀሐይ፣ መሬት ላይ የሚወርደው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ነው። ውስጥ፣ በሩ ገርበብ ባለበት የዙሪያ መተላለፊያ ላይ፣ ጥቂት አሥር ሉክስ ብቻ ሊሆን ይችላል። 50 ሉክስ ብንለው ልዩነቱ 2,000 እጥፍ፣ ማለትም 11 ስቶፕ ነው። ጥሩ የሚባሉት የዛሬ ካሜራዎች ከ12 እስከ 14 ስቶፕ እንይዛለን ይላሉ፤ ግን የመጨረሻዎቹ ስቶፖች በነጠብጣብ የተሞሉ ናቸው፣ የሥዕሉ ጥቁር ሰማያዊና የበሩ ማዶ ያለው ዛፍ በአንድ ላይ አይገኙም። ዓይናችን ይህን ችግር አያውቀውም፤ በር ስናልፍ ጥቂት ይጨልምብንና ይለምዳል።

ቀራጩ በሩን አልፎ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሥዕሉ መድረስ ፈልጎ ነበር። በአውቶ ሞከረው፤ ደጃፉ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ጨለማ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚበራ ግድግዳ፣ ከዚያ ከሚገባው በላይ የነጣ ሥዕል። በማኑዋል ውጭውን ጠብቆ ገባ፤ ውስጡ ጥቁር። ለውስጡ ብሎ አስተካክሎ ገባ፤ ደጁ የነደደ። በመጨረሻ እየተራመደ በግራ እጁ አይሪሱን እያዞረ ገባ። ይህ ዘዴ እጅ ይፈልጋል፤ ከእግር ጋር እኩል መሄድ ይኖርበታል፣ የአይሪሱ ቀለበትም እየዘለለ ሳይሆን እየተንሸራተተ የሚዞር ዓይነት መሆን አለበት። አውቶ የሠራውን ነው በእጁ የሠራው፤ ልዩነቱ መቼ እንደሚጀምርና የት እንደሚያቆም ማወቁ ብቻ ነው።

ሥዕሉ ፊት ሲደርስ አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ ጀመረ። ፍላሽና ኃይለኛ መብራት በእንዲህ ያለ ቦታ አይታሰብም፤ ቀለሙ የሦስት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር የመላእክቱ ክንፍ ላይ ነጠብጣቡ ይርመሰመሳል። አጠገባችን ቆመው ያዩ የነበሩ መነኩሴ ጠየቁ።

«ብርሃን ነው እንዴ የጎደለህ ልጄ?»

«አዎ አባ።»

ምንም ሳይሉ ዞረው ሄዱ፤ በወዲያኛው በኩል ከባድ የእንጨት በር ሲንሿጠጥ ተሰማ። ብርሃን በወለሉ ላይ ገብቶ፣ ከወለሉ ነጥሮ ግድግዳውን አገኘው። ቀራጩ አይኤስኦውን ሁለት ስቶፕ መለሰ። «እግዚአብሔር ይስጥልን አባ፣ ይህን ቀድመን ብንጠይቅዎት ይሻል ነበር» አላቸው። እሳቸው ግን በሩ ሳይዘጋ እንዳይረሳ ብቻ አስጠነቀቁ፤ የሌሊት ወፍ ይገባል።

አውቶ ኤክስፖዠር ያለው ካሜራ አዲስ ነገር አይደለም። ኮዳክ ሱፐር ስድስት 20 የተባለውን፣ በብርሃን ሴል እየታገዘ አይሪሱን ራሱ የሚያስተካክል ፎቶ ካሜራ ያወጣው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ «የኤሌክትሪክ ዓይን» ያላቸው የቤተሰብ ፊልም ካሜራዎች በአሜሪካ ገበያ ላይ ነበሩ። በሲኒማው በኩል ግን ሥራው ሁሉ በእጅና በላይት ሜትር ነበር። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሠራ፣ የቀረጻው ቡድን የሠራውን የሚያየው ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነው፤ ስክሪን የሚባል የለም። በዚያ ዘመን የሚታመነው ሜትር ደግሞ ከሰውየው የሚመለሰውን ሳይሆን በሰውየው ላይ የሚወርደውን ብርሃን የሚለካው ነው፤ ፊቱ አጠገብ ይያዛል፣ ወደ ካሜራው ይዞራል፣ ይነበባል። ሰውየው ነጠላ ይልበስ ካባ፣ ሜትሩ አይታለልም። ዛሬም ከካሜራ ውስጡ አውቶ የሚበልጥበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ዋጋው ግን ጥሩ ሌንስ ያህል ሊሆን ስለሚችል ብዙ ሰው ቦርሳ ውስጥ አይገኝም።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ሌላ ልማድ ይዞ መጣ። በብዙ ካሜራ በሚሠራ ስርጭት፣ አይሪሱን የሚቆጣጠረው ካሜራማኑ አይደለም። ኦቢ ቫን በሚባለው የስርጭት መኪና ውስጥ ስክሪን ደርድሮ የተቀመጠ ሌላ ባለሙያ ከሩቅ ሆኖ የሁሉንም ካሜራ ብርሃን ያመሳስላል። እንደ ባሕር ዳሩ አሚኮ ያሉ ጣቢያዎች ትልቅ በዓል በቀጥታ ሲያስተላልፉ ተመልካቹ ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የታቦቱ ጃንጥላ ቀለሙን እንዳይቀይር የሚያደርገው ይህ ዓይነት ሥራ ነው። ማኑዋል ማለት ብቻውን ካሜራ የተሸከመ ጀግና ማለት ነው ብለው ለሚያስቡት ይህን አስታውሳለሁ።

ብቻውን የተሸከመውስ? እሱ አውቶ ያስፈልገዋል፣ የሚያሳፍርም አይደለም። በሐምሌ ደመና ጣና ላይ ብርሃኑ በደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ስቶፕ ሲወርድና ሲወጣ፣ ማይክ የያዘ፣ የሚጠይቅ፣ የሚቀርጽ አንድ ሰው አይሪስ ሲያሳድድ ዜናው ያልፈዋል። እንዲህ ላለው ሁለት ዘዴ እወድዳለሁ። አንደኛው ሻተሩንና አይሪሱን ተክሎ አይኤስኦውን ብቻ ለአውቶ መተው ነው፤ ነጭ ልብስ ወይም ሰማይ ሲበዛ ማካካሻውን ከፍ፣ ጨለማ ሲበዛ ዝቅ ማድረግ። ሁለተኛው የድሮዎቹ የዜና ካሜራማኖች ብልሃት ነው፤ ሌንሱ ላይ ያለችውን የአፍታ አውቶ ቁልፍ ይጠቀሙባታል። ዙም አድርገህ ፊቱን ብቻ ሙላው፤ ቁልፏን ተጫናት፣ ካሜራው ይለካል፤ ልቀቃት፣ አይሪሱ እዚያው ይቆማል፤ ዙሙን መልሰህ ቅረጽ። አውቶው አማካሪ ሆነ፣ ውሳኔው ያንተ ቀረ። የጠይም ፊት ከሆነ ከዚያ ላይ ግማሽ ወይም አንድ ስቶፕ መቀነስ ነው፤ አማካሪው ፊቱንም ግራጫ ሊያደርገው ፈልጓልና።

ስልክም ይህን ያደርጋል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። ስክሪኑ ላይ የሰውየው ፊት ያለበት ቦታ ላይ ጣትህን ተጭነህ ብታቆይ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋሉ፤ ከዚያ ጣትህን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በመጎተት ታበራለህ ወይም ታጠቁራለህ። በሐይቁ ዳር ሙሽሮችን እየከበበ በስልክ የሚቀርጸው ሚዜ ይህችን ብቻ ቢያውቅ ኖሮ፣ ሙሽራዋ በዞረች ቁጥር ቬሎዋ አይበራም አይጠፋም ነበር።

አንድ የማይታረም ነገር ደግሞ አለ፤ ሰዓት። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ በቀትር ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች። ስድስት ሰዓት ላይ የተቀረጸ ሰው ዓይኑ ጥላ ውስጥ፣ አፍንጫው ብርሃን ላይ ነው። ይህን አውቶም ማኑዋልም አያድነውም፤ ሰውየውን ወደ ዋርካው ጥላ ማምጣት ወይም እስከ አሥር ሰዓት መጠበቅ ይሻላል።

የደቁ ቀረጻ ከሁለት ቀን በኋላ ኤዲቲንግ ክፍል ገባ። ኤዲተሯ የመነኩሴውን ቃለ መጠይቅ እየቆረጠች ነበር፤ በሦስት አቅጣጫ የተቀረጸ ነው። አንዱን ከሌላው ስታያይዝ ፊታቸው ይፈካል፣ ይጠቁራል፣ ይፈካል።

«ይሄ ስንት ሰዓት ላይ ነው የተቀረጸው? ጠዋትና ማታ ነው እንዴ?»

«በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው» አላት ቀራጩ። የመጀመሪያውን በማኑዋል፣ ቀጣዮቹን ሁለቱን ደክሞት በአውቶ ነበር የቀረጻቸው።

ሁለቱን ለማስተካከል ሞከረች። በአንደኛው ነጠላቸው ነዶ ነጭ ሆኗል፤ የነደደ ቦታ ላይ የተመዘገበ ነገር ስለሌለ ብርሃኑን ብትቀንሰውም የሚመለሰው ግራጫ ጠፍጣፋ ብቻ ነው። ሌላው ጠቁሯል፤ እሱን ስታነሳው ነጠብጣብ ይዞ ቢወጣም ፊቱ አለ። የነደደውን ጣለችው።

«ስማ» አለችው፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። «አንድ ቦታ እስካለህ ድረስ ቁጥሩን አትነካካው። ካጠቆርከውም ሁሉንም እኩል አጥቁረው፤ እኔ አነሳዋለሁ።»

«ደመና ቢመጣስ?»

«ቀይረውና እዚያው ጮክ ብለህ ተናገር፣ ‹ደመና መጣ፣ አንድ ስቶፕ ከፈትኩ› በል። ማይኩ ይቀዳዋል፤ የት ላይ መቁረጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ።»